«እንጨምርልሽና ቅሪ» ላሉሽ እህታችን

ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው፤ በኋላ የሚያነብ ሰው እንዲገባው። ድሬዳዋ ባለ የአንድ አስመጪ ቅርንጫፍ ውስጥ 6 ዓመት ስቶር ኪፐር ሆነሽ ሠርተሻል። ደመወዝሽ 16,000 ብር ነው። ነፃ ንግድ ቀጠናው ውስጥ ያለ ድርጅት 22,000 ሲልሽ መልቀቂያ አስገባሽ፣ በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ «21,000 እናድርግልሽ፣ አትሂጂ» አለሽ።

ከሁሉ በፊት በቃል «እሺ» እንዳትዪ። ያስገባሽው መልቀቂያ መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ፋይልሽ ውስጥ ተቀምጧል። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያውም ደብዳቤው ከደረሳቸው በኋላ ካለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ጀምሮ እየቆጠረ ነው። ተስማምተናል ብለሽ ሥራሽን ብትቀጥዪም ደብዳቤው እዚያው ነው። ነገ ተተኪ ሲያገኙ «በገዛ ፈቃድሽ ለቀሻል» ለማለት ይመቻቸዋል። ክርክሩን ብታሸንፊ እንኳ ወራት ይፈጅብሻል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ የደመወዝ ጭማሪው ደብዳቤ በእጅሽ ይግባ፤ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ማኅተም ያረፈበት፣ አዲሱ መነሻ ደመወዝ በአኃዝም በፊደልም የተጻፈበት፣ ከየትኛው ወር እንደሚጀምር የሚናገር። ከዚያ «በዚህ ቀን ያቀረብኩትን መልቀቂያ አንስቻለሁ» የሚል ደብዳቤ ጽፈሽ አስገቢ፣ መቀበላቸውንም በጽሑፍ ያረጋግጡልሽ፤ ኮፒው ላይ ገቢ ማኅተም አስመቺና ቤትሽ አስቀምጪው። ድሬ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳው ደግሞ እዚህ ጋ ነው፦ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ከሆነ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ደመወዝ የመጨመር ሥልጣን ላይኖረው ይችላል። ሰውየው ከልቡ ቃል ገብቶልሽ ፔሮሉ (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ) ግን አዲስ አበባ ስለሚሠራ በወሩ መጨረሻ ያው 16,000 ይመጣል። ደብዳቤው ላይ የሚፈርመው ማን እንደሆነ ፊት ለፊት ጠይቂ።

አሁን ብሩን እናስላው። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ባለው የደመወዝ ግብር ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጣል፣ ጡረታ 7 በመቶ አለ። በ16,000 እጅሽ የሚገባው 11,330 ነው። በ21,000 14,230፣ በ22,000 ደግሞ 14,810 ይሆናል። ማለትም 5,000 የተባለው ጭማሪ 2,900 ነው፤ በሁለቱ ድርጅቶች መካከል ያለው የ1,000 ብር ልዩነትም በእጅ 580 ብቻ ነው። በወር 26 ቀን ከሠራሽ በቀን 22 ብር ማለት ነው። ቤትሽ ሳቢያን ወይም ከዚራ ከሆነና አዲሱ ሥራ ወዳለበት መልካ ጀብዱ ድረስ ሰርቪስ ከሌላቸው፣ ባጃጅና ታክሲ ደርሶ መልስ ይበላዋል። ሰርቪስ አለ ካሉም ከየት ተነስቶ በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ጠይቂ።

ጭማሪው በምን መልክ እንደመጣም እይ። «ከ5,000ው 4,000ውን በአበል እናድርግልሽ» ካሉ ጥቅሙ ለእነሱ ነው። የጡረታ አበል የሚታሰበው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ መነሻ ደመወዝ ነው፣ አበል አይገባበትም። የሥራ ስንብት ክፍያም አለ። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሠራተኛ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት፣ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም ይከፈለዋል፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ። ለአንቺ ዛሬ ከግብር በፊት 42,600 ብር ገደማ ነው። ይህን የሚነግርሽ የለም፣ ስትወጪ ራስሽ ጠይቂ። ብትቀሪ አይጠፋብሽም፤ መነሻ ደመወዝሽ 21,000 ከሆነ ወደፊት የሚሰላው በእሱ ነው። ጭማሪው አበል ከሆነ ግን ስንብቱ በአሮጌው ደመወዝ ይሰላብሻል።

አዲሱ ድርጅት ደግሞ የሙከራ ጊዜ አለው፣ እስከ 60 የሥራ ቀን። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ 10 ሳምንት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ አይደለሽም ካሉ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። የ6 ዓመት ቋሚነት ትተሽ የምትገቢው እዚያ ውስጥ ነው፤ ያለሽን ልምድ አይተው የሙከራ ጊዜውን እንዲያሳጥሩ ወይም እንዲተዉት ብትጠይቂ ነውር የለውም።

ይሄ ሁሉ የሚጠቅመው ግን የምትለቂው ለብር ብቻ ከሆነ ነው። እኔ እንደማምነው፣ ያስመረረሽ ደመወዙ ብቻ ከነበረ፣ ደብዳቤውም ከላይ እንዳልኩት ከመጣ፣ ቅሪ። ያስመረረሽ ግን ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ እሁድ ኮንቴይነር ማራገፍ፣ ወይ ሲጎድል አንቺ ላይ ብቻ የሚጮህ አለቃ ከሆነ፣ 2,900 ብር ያንን አያነሳውም። ቁጭ ብለሽ ላለፉት ሦስት ወራት ያስለቀሱሽን ቀናት ጻፊ፤ ስንቱ ላይ ብር ምክንያት እንደሆነ ቁጠሪ።

ጊዜውንም አስቢ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው፣ ቆጠራና ኦዲት አለ። ቢን ካርዱን (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያውን) እና የዕቃውን ቦታ በቃሉ የሚያውቅ ሰው በግንቦት ሲለቅ ቅርንጫፉ ይጨነቃል። ቅሪ ያሉሽ ቆጠራውን እንድታሻግሪያቸው ብቻ እንደሆነ ማወቂያው ይሄ ነው፦ ጭማሪው «ከሐምሌ ጀምሮ» ነው ካሉሽ ተጠንቀቂ። ዛሬ የሚፈልጉሽ ከሆነ ከዚህ ወር ይጀምሩ። ከጭማሪው ጋር «2 ዓመት ላልለቅ ተስማምቻለሁ» የሚል ወረቀት ካመጡም ሳታነቢ አትፈርሚ፤ ብትለቂ የምትከፍይው ስንት እንደሆነ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ከቀረሽ ለአዲሱ ድርጅት በሁለት ቀን ውስጥ ደውለሽ ንገሪ፣ ስልክ አትዝጊባቸው። ድሬ ጠባብ ናት፣ አስመጪውና ትራንዚተሩ ሁሉ ይተዋወቃል።

ከሄድሽ ደግሞ 30 ቀኑን ጨርሺ። አቋርጠሽ ብትወጪ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ካለሽ ክፍያ ላይ ሊቆርጡ ይችላሉ። ርክክቡን ለመጨረሻው ቀን አታቆይው፤ ተረካቢው ከጎንሽ ቆሞ መደርደሪያ በመደርደሪያ ይቁጠር፣ ጉድለትና ትርፍ በየገጹ ይፈረም። ዋስሽ ነፃ የሚሆነው ክሊራንሱ (ዕዳ እንደሌለብሽ የሚፈረምልሽ ወረቀት) ሲያልቅ ነው። የቁጠባና ብድር ማኅበር ዕዳ ካለብሽ ከመውጫሽ በፊት ስንት እንደቀረ አጣሪ። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። ውልሽ ካበቃበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ክፍያሽን ሊጨርሱ ይገባል። የሥራ ልምድ ወረቀትሽ ላይም የሥራው ዓይነት፣ ያገለገልሽበት ዘመንና ደመወዝሽ መጻፉን እዚያው ቆመሽ አንብቢ።