ዲቃላ በቆሎ ድርጅት ልግባ ወይስ የአርሶ አደሩን ዘር ልከተል?

ጥያቄው በአጭሩ፦ «በዕፅዋት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ዘንድሮ እጨርሳለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በሰሜን ሸዋ ደጋ በሚዘሩ የገብስ ዝርያዎች ላይ ነው፤ የምመኘውም የአርሶ አደሩን ዘር በማቆየት ሥራ መቀጠል ነው። አሁን ግን አንድ ዲቃላ የበቆሎ ዘር የሚያመርት ድርጅት በጥራት ቁጥጥር ክፍሉ ሊቀጥረኝ ፈቅዷል። ቤተሰቦቼ ‹ሥራ አይናቅም፣ ግቢ› ይሉኛል። እኔ ደግሞ ከገባሁ ከምወደው ነገር የምርቅ እየመሰለኝ ተቸግሬያለሁ። በዘር ጥበቃ በእርግጥ ሥራ አለ? ለማስተርስስ ምን ልማር?»

ውድ እህታችን፣

ሥራውን ያዢው። ለሁለት ዓመት ያህል፣ ምን ለመማር እንደገባሽ እያወቅሽ።

የአርሶ አደር ዘር ላይ የሚሠሩ ተቋማት ለዘሩ የሚቆረቆር ሰው አያጡም። የሚያጡት የብቅለት ፍተሻ በትክክል የሚሠራ፣ ናሙና ሲወስድ የማያዳላ፣ መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥርና ከረጢቱ ላይ ያለው ቁጥር እንዳይለያይ የሚጠነቀቅ ሰው ነው። ይህን በጥራት ቁጥጥር ክፍል በየቀኑ ትሠሪዋለሽ፣ ስትሳሳቺም የሚያርምሽ አለ። አንድ ወረዳ ላይ ብቻሽን ከተመደብሽ በኋላ ግን ስህተትሽ የሚታወቀው ዘሩ ማሳ ላይ ሳይበቅል ሲቀር ነው።

የብቅለት ፍተሻን እንውሰድ። ቀላል ይመስላል። ከከረጢቱ ላይ፣ መሐልና ታች ዘር ወስደሽ ትቀላቅያለሽ። ከዚያ 100 ፍሬ ስትቆጥሪ እጅሽ ሳይታወቅሽ ወደ ሞላው ወደ ወፍራሙ ፍሬ ይሄዳል፤ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የመጣውን ፍሬ ሁሉ በተራ ቁጠሪ፣ የተሰበረውን ብቻ ለይተሽ አስቀምጪ። በእርጥብ ጨርቅ ወይም ወረቀት ላይ 25 በ25 አድርገሽ ጠቅልይ፤ ጨርቁ ይርጠብ እንጂ ውሃ አይንጠብጠብ፣ የራሰ ዘር አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ስንዴና ገብስ በ4ኛው ቀን አንዴ፣ በመጨረሻ ደግሞ ስንዴ በ8ኛው፣ ገብስ በ7ኛው ቀን ይቆጠራል። ሥሩም ቅጠሉም ጤናማ የሆነውን ብቻ «በቀለ» በይ። ሥር አውጥቶ ቅጠል የሌለውን የምትቆጥሪ ከሆነ አርሶ አደሩን እያሳሳትሽ ነው።

ውጤቱ 72 ቢሆን ዘሩ ይጣል ማለት አይደለም። ወደ ስሌት ይገባል፦ በ90 በመቶ ብቅለት በሄክታር 120 ኪሎ የሚዘራ ስንዴ፣ 72 በመቶ ሲሆን 120 ሲባዛ በ90፣ ሲካፈል ለ72፣ ማለትም 150 ኪሎ ይፈልጋል። ይህን ቁጥር አውድማው ዳር ቆመሽ መናገር ከቻልሽ የሚሰማሽ ሰው ታገኛለሽ።

ነገር ግን ያ ሥራ አንድ ነገር ያጣምምብሻል፣ ከወዲሁ እወቂው። በመደበኛው የዘር ሥርዓት ንጽሕና ማለት መመሳሰል ነው። በማሳው ውስጥ ከሌላው የተለየ ዘለላ ከታየ ይነቀላል። ይህ ለዲቃላ በቆሎ ልክ ነው። በአርሶ አደር ዝርያ ላይ ግን ያንኑ ዓይን ይዘሽ ከገባሽ የምትነቅይው ያቆየሽውን ሀብት ራሱን ነው። አንድ የገብስ ማሳ ውስጥ ፈጥኖ የሚደርሰውም፣ ዘግይቶ የሚያፈራውም፣ ውርጭ የሚችለውም አብረው ይቆማሉ፤ ዝናቡ ሲያጥር አንዱ ሌላውን ይክሳል።

ወሎ ውስጥ «ወተት በጉንጬ» የሚባል ማሽላ አለ። አርሶ አደሮች ከሌላው ማሽላ ጋር ጥቂት ጥቂት እየቀላቀሉ ይዘሩታል፣ ገና እሸት ሳለም ይጠብሱታል። ሲደርቅ ፍሬው ጎድጉዶ የተጨማደደ ነው፣ ምርቱም ከሌላው ያንሳል። የጥራት ተቆጣጣሪ መጀመሪያ የሚጥለው እንዲህ ያለውን ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ የሄዱ እንዲህ ያሉ የማሽላ ዓይነቶች ላይሲን የተባለውን የፕሮቲን መገንቢያ (አሚኖ አሲድ) ከተለመደው ማሽላ እጅግ አብልጠው እንደያዙ አሳተሙ። ስሙ ራሱ የሚናገረውን ላብራቶሪ ዘግይቶ ደረሰበት። ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጨውን ቫይረስ የሚቋቋመው ዋይዲ2 የተባለው ዘረ መልም የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው፤ አንቺ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሠራሽበት ሰብል።

ስለዚህ ድርጅቱ ውስጥ ሳለሽ የመለካቱን ሙያ ውሰጂ፣ ምን ይነቀል የሚለውን ውሳኔ ግን እዚያው ተዪው። በአርሶ አደር ዘር ላይ ምን እንደሚቀር የሚወስነው ዘሩን የያዘው ሰው ነው፣ ብዙ ጊዜም ሴቶች ናቸው። «ይህን ለምን ታቆይዋለሽ?» ብለሽ ጠይቂ። ለጠላ፣ ለበሶ፣ ለቆሎ፣ ለጣሪያ ክዳን፣ ለከብት ጭድ፤ እያንዳንዱ መልስ አንድ የመምረጫ መስፈርት ነው።

አሁን ወደ እርጥበት። ዘር ከነቀዝ ይልቅ ሳይደርቅ በመከተቱ ይሞታል። እርጥበቱ ከ14 እስከ 5 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ በአንድ በመቶ በቀነሰ ቁጥር የዘሩ ዕድሜ በግምት እጥፍ ይሆናል። 13 የነበረውን ወደ 10 ብታወርጂው ዕድሜው ስምንት እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው፣ ለማቀዝቀዣ ምንም ሳይወጣ። መለኪያ ከሌለ የጨው ፍተሻ አለ፦ ደረቅ ጠርሙስ ሩብ ያህሉን በዘር ሙዪ፣ በምጣድ አመስ አድርገሽ ያቀዘቀዝሽው ጨው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሪ፣ ክደኚና ደህና አድርገሽ ነቅንቂው፣ ሩብ ሰዓት ጠብቂ። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፣ ተመልሶ ይሰጣ። አለመጣበቁ ግን ለእህል እንጂ ለዓመታት ለሚቀመጥ ዘር ማረጋገጫ አይሆንም፤ ጥላ ባለበት ስስ አድርገሽ እያገላበጥሽ ደጋግመሽ አድርቂው። የቀትር ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ ላይ ማስጣት ፅንሱን ይገድለዋል፣ ከውጭ ግን ዘሩ ምንም አይመስልም።

አየር የማያስገባው ፒክስ ከረጢት ነቀዝን በአየር እጦት ይገድላል። ሳይደርቅ ከታሰረበት ደግሞ ሻጋታ ያበቅላል። ሽምብራና ባቄላ ላይ ተጠንቀቂ፦ ነቀዙ ማሳ ላይ እያለ እንቁላሉን ይጥላል፣ ስለዚህ ሲከተት ንጹሕ የመሰለው ዘር ከሳምንታት በኋላ ተበስቶ ይገኛል። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ የጤፍ ችግር መደባለቅ ነው። አንድ ግራም ጤፍ ውስጥ ከ2,500 በላይ ፍሬ አለ። አንድ ማንኪያ የማይሞላ ሰርገኛ አውድማ ላይ ወይም ከረጢት ስፌት ውስጥ ቢቀር የነጩን ዘር ያበላሸዋል። ከረጢቱን ገልብጠሽ ሳታራግፊ ሌላ ጤፍ አታስገቢበት።

ሥራ አለ ወይ ላልሽው፣ አለ፣ ግን በአንድ በር አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1976 የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ማዕከል ሆኖ የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ዋናው ነው፤ ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት ይህን ማዕከል ሲመሩ ነው። የፌዴራልና የክልል ግብርና ምርምር ማዕከላት፣ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች፣ የማኅበረሰብ ዘር ባንክ (አርሶ አደሮች ዘራቸውን በጋራ አስቀምጠው የሚበደሩበት ቤት) የሚደግፉ አገር በቀል ድርጅቶች አሉ። በምሥራቅ ሸዋ የእጀሬ የማኅበረሰብ ዘር ባንክ ሄደሽ ብታዪው ከመጽሐፍ በላይ ትማሪበታለሽ። በአገር በቀል ድርጅቶች ብዙው ቅጥር በፕሮጀክት ኮንትራት ነው፤ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ «ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መጋዘኑን ማን ይይዛል? የመዝገብ ያዡን አበል ማን ይከፍላል?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ የሌለው ድርጅት ውስጥ የምታቋቁሚው ቤት ቁልፉ የዛገ መጋዘን ሆኖ ይቀራል።

የማኅበረሰብ ዘር ባንክ በልቡ የብድር ተቋም ነው፤ ደብተር መያዝ ካልወደድሽ አትግቢበት። አንድ አባል 25 ኪሎ ወስዶ በመኸር መጨረሻ 27 ኪሎ ተኩል ይመልሳል እንበል፤ መጠኑን ራሳቸው አባላቱ ይወስኑት። ዋናው ችግር የሚመጣው ሲመለስ ነው። አባሉ ከገበያ የገዛውን እህል አምጥቶ ቢያስረክብ ኪሎው ይሞላል፣ ዝርያው ግን ጠፋ። ስለዚህ ማሳው በአበባ ጊዜና ከአጨዳ በፊት ይጎበኝ፣ ያልተጎበኘ ማሳ ዘር አይመለስ ተብሎ በመተዳደሪያ ደንብ ይግባ። ክረምቱ ከከፋ ዕዳው ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ፤ በድርቅ ዓመት አስገድዶ ያስከፈለ ባንክ በዓመቱ አባል አያገኝም። ሌላው ስህተት ስስት ነው። 40 ዝርያ ሰብስቦ 40ውንም በየጊዜው ማደስ ያቃተው ኮሚቴ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የማይበቅል ዘር ያለበት ማሰሮ ይደረድራል። በአሥር ጀምሩ።

ሲታደስም በሰብሉ ጠባይ ነው። ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ ራሳቸውን ስለሚያዳቅሉ ጎን ለጎን ቢዘሩ የሚፈራው በአጨዳና በውቂያ መቀላቀል ነው። በቆሎ ግን ብናኙ በነፋስ ይሄዳል፤ ቢያንስ 200 ሜትር ርቀት ወይም የአበባ ጊዜው እንዲለያይ የተዘራበት ቀን ልዩነት ያስፈልገዋል። ባቄላን ንብ ያዳቅለዋል። ወደ ደቡብ ሄደሽ እንሰት ላይ ከተመደብሽ ደግሞ ማሰሮውም ከረጢቱም አይጠቅምሽም፤ የሚጠበቀው በጓሮ በቁሙ፣ የሚራባው ከአምቾው፣ ማለትም ከመሬት ሥር ካለው ወፍራም ግንዱ፣ በሚወጣ ችግኝ ነው፣ የአጠውልግ በሽታውም ከተክል ወደ ተክል የሚሻገረው በዋናነት ባልተጠረገ ቢላ ነው። ስለቱን በእሳት ማቃጠል እዚያ የዕለት ልማድ መሆን አለበት።

አንድ ነገር ላይ አትቸኩይ። ለምርምር ብለሽ አንድ እፍኝ ዘር ከቀበሌው ይዘሽ ከመውጣትሽ በፊት ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ መብት የወጣውን አዋጅ ቁጥር 482/1998ን አንብቢ። ማኅበረሰቦች በልማዳቸው እርስ በርስ የሚለዋወጡትን አዋጁ አይነካም፤ ከማኅበረሰቡ ውጭ ያለ ሰው ግን የኢንስቲትዩቱን ፈቃድና የማኅበረሰቡን ቅድሚያ ስምምነት ይፈልጋል። ይህ ወረቀት ለምን እንደሚያስፈልግ የጤፍ ነገር ያሳየናል፦ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አግኝቶ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድ ውስጥ ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፣ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ። እ.ኤ.አ. በ1996 የገበሬዎች እንቅስቃሴዎች «የምግብ ሉዓላዊነት» ብለው ያነሱት ጥያቄ መሬት ሲወርድ ይህን ይመስላል፦ ዘሩን ማን ያዝ፣ ማን ፈቀደ፣ ስሙስ በማን ተጻፈ።

ማስተርሱን አሁን አትጀምሪው። ሐረማያ፣ ሐዋሳና ጅማ የዕፅዋት ማዳቀል ትምህርት አላቸው፤ ከአንድ የመኸር ወቅት በላይ ሠርተሽ ጥያቄሽን ይዘሽ ግቢ። አማካሪ ስትመርጪ የሚያዩት በምርምር ጣቢያ ያለውን መደብ ብቻ ነው ወይስ የአርሶ አደሩንም ማሳ? ከተማሪዎቻቸው አንዱን ጠይቂ። ከማዳቀል ይልቅ ሰው ማግባባት የሚቀናሽ ከሆነ ግብርና ኤክስቴንሽን አያሳፍርም፤ ብዙ የዘር ባንክ የፈረሰው በጄኔቲክስ ሳይሆን በኮሚቴ ጠብ ነው።

ድርጅቱ ከመግባትሽ በፊት ባሉት ሳምንታት ወደዚያው ወደ ሰሜን ሸዋ ቀበሌ ተመለሺ። ለመመረቂያሽ ያነጋገርሻቸውን ሰዎች ውጤቱን በቃል ንገሪያቸው፣ ብዙ ተማሪ ይህን ሳያደርግ ይጠፋል። ከፈቀዱልሽ በእያንዳንዱ ገብስ ላይ አንድ ገጽ ሙዪ፦ በቀበሌው የሚጠራበት ስም፣ የስሙ ትርጉም፣ ከፍታው በሜትር፣ በበልግ ወይስ በመኸር፣ የተዘራበትና የታጨደበት ሳምንት፣ ምን ተሠርቶበት እንደሚበላ፣ ዘሩ ከማን እንደመጣ፣ መጨረሻ የተዘራበት ዓመት። አንድ ስም ለሁለት የተለያየ ዘር፣ ሁለት ስም ለአንድ ዘር ሲሰጥ ስለምታገኚ ዛላውን ከነአገዳው ፎቶ አንሺና ቁጥሩን ከገጹ ጋር አያይዢ። ሁለት ቅጂ አድርጊው፣ አንዱ እነሱ ዘንድ ይቅር።