በጨለመው መርከብ ላይ ባለቤቴ የደበቀው ዳቦ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁሌ አነባለሁ። እኔ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ለማንም ያልነገርኩት ነገር ሲከብደኝ ነው ዛሬ የጻፍኩልዎ።

ከሁለት ወር በፊት ከባለቤቴና ከስድስት ዓመት ልጃችን ጋር በትልቅ የመዝናኛ መርከብ ተጓዝን። ሦስት ዓመት ገንዘብ ያጠራቀምንበት ጉዞ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በጣም ደስ ይሉ ነበር። በአራተኛው ቀን ሊነጋ ሲል የማንቂያ ደወል ቀሰቀሰን። ሞተር ክፍል ውስጥ እሳት ተነስቷል ተባለ። እሳቱ ቶሎ ጠፋ፤ የተጎዳ ሰውም አልነበረም። መብራቱ ግን አልተመለሰም። መርከቡም ቆመ።

መጀመሪያ የታወቀኝ ዝምታው ነው። ቀን ከሌት ከወለሉ ሥር ይሰማን የነበረው ንዝረት ቀጥ አለ። ልጄ «እማ፣ መርከቡ ሞተ?» አለኝ።

«ጥቂት ሰዓት ታገሱ» ተባልን። ቀጥሎ «ነገ ጠዋት»። ቀጥሎ «ጎታች መርከብ መንገድ ላይ ነው»። እንዲህ እየተባልን አራት ቀን ሙሉ ባሕር ላይ ቀረን። ሽንት ቤቶቹ በዚያው ቀን መሥራት አቆሙ። የፕላስቲክ ከረጢት ታደለን፤ ለምን እንደሆነ አልጽፈውም። ክፍላችን መስኮት የለውም። በሩ ሲዘጋ ዓይን ቢወጉ አይታይም፤ ሙቀቱ ደግሞ አያስቀምጥም። ፍራሻችንን ተሸክመን የላይኛው ወለል ላይ ወጣን። አንሶላ ከወንበር ወንበር ወጥረን እንደ ድንኳን ከሥሩ ተኛን።

አጠገባችን አንዲት አዛውንት ብቻቸውን ነበሩ። እማማ እላቸው ነበር። ስኳር አለባቸው። የመጀመሪያው ሌሊት ልጄን ሲበርደው አይተው የራሳቸውን ብርድ ልብስ ደረቡለት። በእጅ ባትሪያቸው አንሶላው ላይ የጥንቸልና የወፍ ጥላ እየሠሩ አስተኙት።

ምግብ ለማግኘት ሦስት ሰዓት መሰለፍ ነበር። የሚሰለፍልን ባለቤቴ ነው። በሁለተኛው ሌሊት የልጄን ሹራብ ስፈልግ የእሱን የጀርባ ቦርሳ ከፈትኩ። በትራስ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ፈታሁት። ዳቦ ነው። አሥራ አንድ ዳቦ። ከሥሩ ስድስት ጠርሙስ ውኃ።

በዚያን ዕለት እማማ ተራቸው ሲደርስ የቀረው ኪያርና ሽንኩርት ብቻ ነበር። ሳቅ ብለው «አትክልት ለጤና ጥሩ ነው» አሉኝ። ማታ ጽዋቸውን ሲያነሱ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ቦርሳውን መልሼ ዘጋሁት። ማየቴን ባለቤቴ እስከ ዛሬ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ጎታቹ መርከብ ደርሶ ገመድ ታሰረ። ሄሊኮፕተርም ምግብ አወረደልን። ሰው አጨበጨበ፤ አለቀሰ። በመጨረሻው ሌሊት የወደቡ መብራት ሲታይ ባለቤቴ ቦርሳውን ይዞ ወደ ቆሻሻ በርሜሉ ሄደ። ተከተልኩት። አንድ በአንድ ጣላቸው። ቆጠርኩ፤ ሰባት ዳቦ ነው። ደርቀዋል፤ አንዳንዱ ሻግቷል። ምንድን ነው እሱ ስለው «ለልጄ ብዬ ነው፤ አንቺም ብትሆኚ ታደርጊው ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንስተነው አናውቅም።

አሥር ዓመት አብረን ኖረናል። ክፉ ሰው አይደለም። አሁን ግን ቤት ውስጥ ዳቦ ሲቆርስ ሳየው ከጠረጴዛው እነሳለሁ። ኩባንያው የጉዞውን ገንዘብ እንደሚመልስና ለሌላ ጉዞ ግማሽ ቅናሽ እንደሚሰጠን ጽፎ የሚፈረም ወረቀት ልኮልናል። ባለቤቴ እንፈርምና ይለፍ ይላል። እኔ ዝምታዬን የምሸጥ ይመስለኛል። ልጄ ስለ እማማ ይጠይቀኛል። ስልካቸውን ሰጥተውኝ ነበር። አንድም ቀን አልደወልኩም።

በዚያ ጨለማ ያየሁት ሰው ነው እውነተኛው ባለቤቴ? ወይስ አሥር ዓመት የማውቀው?

ግራ የገባኝ

* * *

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ ያ የትራስ ልብስ ከዓይኔ አልጠፋም። ጥያቄሽን ለመመለስ ወደ ቦርሳው ልመለስ። አንቺ ወደ ከፈትሽበት ሌሊት ሳይሆን እሱ ወደ ሞላበት ቀን።

አንቺ ዛሬ አራት ቀን መሆኑን ታውቂያለሽ። እሱ ያኔ አያውቅም። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እንዲህ ያለ መርከብ ላይ ሁሉም ነገር በአንድ ኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው፣ ምድጃውን የሚያግለው፣ ሽንት ቤቱን አየር ስቦ የሚያጸዳው ያው ኃይል ነው። ዋናው መስመር ከተቃጠለ ሁሉም ባንዴ ቀጥ ይላል። መጠባበቂያው ጄኔሬተር የሚበቃው ለድንገተኛ መብራት፣ ለመገናኛ፣ ለእሳት ማጥፊያ ፓምፕና ለመሳሰለው ነው። ምድጃም ማቀዝቀዣም ከሌለ ወጥ ቤቱ የሚያወጣው ዳቦና የማይበስል ነገር ነው። ባለቤትሽ ትናንት እንደልቡ ያነሳበት ጠረጴዛ በአንድ ጠዋት ባዶ ሆኖ ነው ያየው።

ሰውን ደግሞ ከረሃቡ ይልቅ የሚያስፈራው የሚነገረው ነገር ሲለዋወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2013 ካርኒቫል ትራያምፍ የተባለው መርከብ ከ4,200 በላይ ሰው ይዞ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ እንዲሁ ቆሞ ነበር። ከአንድ ሞተር የነዳጅ መመለሻ ቱቦ ያፈሰሰ ነዳጅ ነው እሳቱን ያስነሳው። ተሳፋሪዎቹ መጀመሪያ ሜክሲኮ ውስጥ ወዳለው ፕሮግሬሶ ወደብ ትጎተታላችሁ ተባሉ። ውኃው ግን መርከቡን ወደ ሰሜን ገፋው። መድረሻው ተቀይሮ አሜሪካ ውስጥ ሞቢል ሆነ። መንገድ ላይ የመጎተቻው ገመድ ራሱ ተበጠሰ። እሳቱ የተነሳው እሑድ ነው፤ ወደቡ ላይ የደረሱት ሐሙስ ማታ። እዚያም ምግብ የሚያከማች ሰው እንደነበር ተሳፋሪዎቹ ራሳቸው ሲናገሩ ተሰምቷል።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ኮስታ አሌግራ የተባለ የመዝናኛ መርከብ ከ1,000 በላይ ሰው ይዞ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ኃይሉ ጠፋ። የአሌግራ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለውን መርከብ ጣሊያን አጠገብ አጥቶ 32 ሰው ከሞተ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። አሌግራን ሲሼልስ ድረስ ጎትቶ ያደረሰው የፈረንሳይ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ ልጁን ታቅፎ ያደረ አባት ምን ምን ያስብ እንደነበር መገመት አያቅትሽም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ዳቦ በባለቤትሽ ላይ አልፈርድበትም። ልክ ነው እያልኩ አይደለም። እሱ የወሰደው ዳቦ ከሌላ ሰው ድርሻ ነው የወጣው፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ አጠገባችሁ ተኝቶ ነበር። ግን ልጁ የሚራብ የመሰለው አባት ያደረገው ነው፤ ይገባኛል።

እኔን ያስጨነቀኝ ሦስተኛው ቀን ነው። ገመዱ ታስሯል። ሄሊኮፕተሩ ምግብ አውርዷል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዳቦው ለልጃችሁ አያስፈልግም። ቦርሳው ግን አልተከፈተም። ከባለቤትሽ ጋር መነጋገር ያለብሽ ስለዚህ ነው። «ለምን ደበቅህ?» ብትይው «ለልጄ» ይልሻል፤ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። «በሦስተኛው ቀን ለምን ለእማማ አልሰጠንም?» ብትይው ግን የተዘጋጀ መልስ የለውም።

ግምቴን ልንገርሽ። ያፈረ ይመስለኛል። ያን ቀን ዳቦውን ቢያወጣ ሁለት ቀን ሙሉ ደብቆ እንደያዘው እማማ ፊት ይታወቅበታል። ስለዚህ እስኪሻግት ጠበቀና በጨለማ ጣለው። ግድ የሌለው ሰው እዚያው ፍራሹ ሥር ትቶት ይወርድ ነበር እኮ። እሱ ግን አንድ በአንድ ነው የጣለው። ልሳሳት እችላለሁ፤ ሰውየውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

አሁን ደግሞ ለመናገር የከበደኝን ልናገር። ቅር አይበልሽ።

ቦርሳውን አንቺም ዘግተሽዋል። «መልሼ ዘጋሁት» ብለሽ በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለፍሻት። እማማ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ባየሽበት ማታ ዳቦው የት እንዳለ ታውቂያለሽ። ስኳር ያለበት ሰው ምግቡ ሲቀር ምን ሊደርስበት እንደሚችልም ሳታውቂ አትቀሪም። አንዱን አውጥተሽ ብትሰጪያቸው ማንም አይከለክልሽም ነበር። ይህን የምልሽ ልከስሽ ብዬ አይደለም። እኔም አንቺ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ አጠገቤ ልጄ ተኝቶ ቢሆን ምናልባት እዘጋው ነበር። ግን ዳቦ ሲቆረስ ከጠረጴዛው የምትነሺው እሱን ላለማየት ብቻ ነው? ያንን ሌሊት ራስሽን እንዳታስታውሺ ቢሆንስ?

እውነተኛው ባለቤቴ የትኛው ነው ላልሽው፣ ፀሐይ ላይ ሦስት ሰዓት እየቆመ ምግብ ያመጣላችሁም፣ የደበቀውም አንድ ሰው ነው። አንቺም እንደዚያው ነሽ። እሱን ዳኛ ሆነሽ አትጠይቂው። ልጁ ከተኛ በኋላ፣ ከምግብ ጠረጴዛ ርቃችሁ ተቀመጡ። ቀድመሽ የራስሽን ንገሪው። «ሁለተኛው ሌሊት ቦርሳህን ከፍቼ አይቼ ዘጋሁት» በይው። ይህን አያውቅም ብለሻል። ሁለት ወር ብቻውን የተሸከመው ሲመስለው ለካ አንቺም አብረሽው ነበርሽ። ከዚያ በኋላ የሚለውን አዳምጪ። ሊቆጣ ይችላል። ሊያለቅስም ይችላል። አሁንም «አንቺም ታደርጊው ነበር» ካለሽ ደግሞ «አድርጌዋለሁ» በይው፤ እውነትሽን ነውና።

ወረቀቱን ከዚህ ነገር ጋር አታደባልቂው። ገንዘቡን መቀበል ዝምታን መሸጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013፣ ከትራያምፍ በኋላ፣ የመዝናኛ መርከብ ኩባንያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ለተሳፋሪ የሚገቡ መብቶችን ዝርዝር አውጥቷል። ጉዞ በሜካኒካል ብልሽት ሲሰረዝ ሙሉ ገንዘብ፣ በመሐል ሲቋረጥ ደግሞ ከፊሉን መመለስ በዝርዝሩ ውስጥ አለ። የትራያምፍ ተሳፋሪዎች ራሳቸው የከፈሉት ተመልሶላቸው፣ ተጨማሪ 500 ዶላር ነበር የተሰጣቸው። ስለዚህ የሚመለስላችሁ ገንዘብ ውለታ እንዳይመስልሽ።

ከመፈረማችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እዩ። «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ አላቀርብም» የሚል መስመር ካለው ለሕግ ባለሙያ አሳዩት። የቲኬቱን ውልም አውጥታችሁ አንብቡ። በብዙ ኩባንያዎች ውል ላይ የአካል ጉዳት የደረሰበት ሰው በስድስት ወር ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት ይላል፤ ፍርድ ቤቱም ኩባንያው የመረጠው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 እንዲህ ያለውን የፍርድ ቤት ምርጫ አጽድቆታል። እናንተ ሁለት ወር አሳልፋችኋል። ከመርከቡ ከወረዳችሁ በኋላ ልጁ ወይም ከእናንተ አንዳችሁ ታማችሁ ከነበረ የሕክምና ወረቀቱን አስቀምጡ። የቅናሹን ጉዞ በተመለከተ አሁን መወሰን የለባችሁም፤ የሚያበቃበትን ቀን ብቻ ጻፉት።

ልጅሽ ስለ እማማ ሲጠይቅ ወሬ አትለውጪበት። ከዚያ ጉዞ ይዞ የመጣው የጥንቸሏን ጥላ ይመስላል። ያንን አታጥፊበት። ጨለማ ሲሆን የሚፈራ ወይም ሽንት ቤት ብቻውን አልገባም የሚል ከሆነ ግን ጻፊልኝ፤ እሱን ለብቻው እናወራበታለን።

ከባለቤትሽ ጋር ከተነጋገራችሁ በኋላ ለእማማ ደውዪ። ነገሩን ሳትነግሪው ቀድመሽ አትደውዪ፤ ሌላ የተደበቀ ነገር ይሆናል። እሱም ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ ካልፈለገ ብቻሽን ደውዪ። መጀመሪያ ጤንነታቸውን ጠይቂ። ስኳራቸውንም ጠይቂ። ልጁ ድምፃቸውን ይስማ። ከዚያ ልጁን ወደ ክፍሉ ላኪና «እማማ፣ ያኔ እኛ ጋ ዳቦ ነበር፤ አልሰጠንዎትም» በያቸው። ለምን እንዳልሰጣችሁ ካልጠየቁሽ አታስረጂ።

ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።