ዋልካ ጓሮ ያበላል ወይ? ጥያቄና መልስ

በቀደም ለሰፈራችን ዕቁብ አንድ ፌስታል ቆስጣ ይዤ ሄድኩ። «ከየት ገዛኸው?» አሉኝ። «ከጓሮዬ» ስል ማንም አላመነኝም፤ አቃቂ የሚኖር ሰው አፈሩን ያውቀዋላ፤ ዋልካ ነው፣ ጥቁር የሸክላ አፈር! ክረምት ጫማ ከእግር ያወልቃል፤ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ግንቦትም እየተገባደደ ስለሆነ ዝናቡ ሳይቀድመን ጥያቄዎቹን ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። የግብርና ምሩቅ አይደለሁም፤ ዋልካ ላይ ሰባት ዓመት የቆፈርኩ ጡረተኛ ነኝ።

ጥ፦ ጋሼ፣ ግቢዬ ዋልካ መሆኑን በምን ልወቅ?

መ፦ ቀለሙን ብቻ አትመን። አንድ ስንዝር ቆፍረህ እፍኝ አፈር አውጣ። ውሃ ጠብ እያደረግህ እንደ ሊጥ እሸው። ከዚያ በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መሐል እየገፋህ እንደ ጥብጣብ አስረዝመው። 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳይበጠስ ከወጣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም። ቤቱ አዲስ ከሆነ ግን ጠለቅ ብለህ እይ። ግንበኞች ዋልካውን ቆርጠው አውጥተው ገረጋንቲ ይሞላሉ፤ የተረፈውን ደግሞ ጓሮ ላይ ይደፉታል። አንድ ጎረቤቴ ዘር ከመዝራቱ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ የሲሚንቶ ስባሪና ሚስማር ሲለቅም ከረመ።

ጥ፦ አንድ ቢያጆ አሸዋ ባስደፋበት አይለሰልስም?

መ፦ ተይው፣ እህቴ። እኔ አስደፍቼ አይቼዋለሁ። ዋልካን በአሸዋ ለመለወጥ ግማሹን መሬት አሸዋ ማድረግ ሊያስፈልግሽ ነው። ጥቂት ብቻ ሲገባበት ብሎኬት ይሆናል። በዚያ ዓመት የዶማዬ እጀታ ሁለቴ ተሰበረ። የአሸዋውን ብር ለፍግ አውይው።

ጥ፦ መቼ ነው የሚቆፈረው? ሠራተኛ ቀጥሬ በሦስተኛው ቀን ጥሎኝ ሄደ።

መ፦ አይፈረድበትም! ዋልካ ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ማስቲካ ነው። የሚቆፈርባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ዝናብ ጥሎ ሁለት ሦስት ቀን ሲያባራ አንድ ጭብጥ አፈር አንሥተው ኳስ ያድርጉና በጣትዎ ጫን ይበሉት። ከተፈረካከሰ ልጁን ይጥሩት። ከተለጠፈና ካብለጨለጨ ቤትዎ ይግቡ። እርጥቡን ከቆፈሩት እያንዳንዱ ጓል ደርቆ ሸክላ ይሆናል፤ እስከሚቀጥለው ዝናብም አይፈታልዎትም። የሚተከልበት መደብ ላይ መቆም ደግሞ ክልክል ነው። እኔ የልጅ ልጆቼን የምቆጣው በዚህ ብቻ ነው።

ጥ፦ ክረምት ላይ የተከልኩት ሁሉ ቢጫ እየሆነ ይሞታል። ማዳበሪያ ጨምሬም አልሆነም።

መ፦ ማዳበሪያ አይደለም ያጣው፣ አየር ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠግብ ሥሩ ይታፈናል። መፍትሔው ከፍ ያለ መደብ ነው። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ይህን ከድሮም ያውቁታል፤ ከታረሰ በኋላ ቤተሰቡ ወጥቶ አፈሩን በእጁ እየዛቀ መደብ ያነሣል። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ አዲስ አበባ የነበረው የከብት እርባታ ምርምር ማዕከል፣ ኢልካ፣ ሁለት የሐበሻ ማረሻ አጣምሮ ያንኑ ሥራ በበሬ የሚሠራ መሣሪያ አወጣ። መደቡ 80፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ነበር።

ለጓሮ ትንሽ ሰፋ ማድረግ ይቻላል። የእኔ 1 ሜትር ከ20 ነው፣ ከሁለቱም ወገን እጄ መሐሉ ላይ እንዲደርስ። ከፍታው አንድ ስንዝር ተኩል። ከቦዩ የወጣው አፈር እዚያው መደቡ ላይ ይደፋል፤ ከውጭ አፈር አልገዛሁም። ዋናው ነገር ቦዩ ወደ አንድ ወገን ዘቅዘቅ ይበል። የመጀመሪያ ዓመት ዘቅዛቃውን ወደ ማድ ቤቱ ግድግዳ አድርጌው ባለቤቴ ለሳምንት አላናገረችኝም። ልክም ነበረች፤ ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ግድግዳ ይሰነጥቃል።

ጥ፦ ፍግ ምን ያህል? ከየትስ ላምጣ?

መ፦ አራት ሜትር ለሚረዝም መደብ በዓመት ሦስት አራት ማዳበሪያ (ጆንያውን ነው የምለው)። ከላይ አራት ጣት ያህል ይሸፍናል። የወተት ላም ያለው ጎረቤት ፈልግ፤ ብዙዎቹ እበቱን የሚያነሣላቸው ያጡ ናቸው። የዶሮ ኩስ ካገኘህ ቢያንስ ለአራት ወር ይብላላ። ትኩሱን ብትደፋ ተክሉን ያቃጥልብሃል። የወጥ ቤት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ጭድና የደረቀ ቅጠል እየደራረብክ አብስብስ፤ በየሦስት ሳምንቱ ገልብጠው። የእንጀራ ትራፊ ከጨመርክ ከድነው፣ አለዚያ አይጥ ታረባለህ። ሰጋቱራ ትኩሱን አታስገባ፤ ለመበስበስ ሲል የተክሉን ምግብ ይሻማል።

ጥ፦ አመድስ?

መ፦ ከቀይ አፈር ጋር እንጂ ከዋልካ ጋር ብዙም አይግባባም። ዋልካ በአብዛኛው አሲዳማ አይደለም። ለቀንድ አውጣ ዙሪያውን ነስነስ ማድረግ ይበቃል።

ጥ፦ እውነት ወጪ ይቀንሳል? ባለቤቴ «ከገበያ ብትገዢው ይረክሳል» ይለኛል።

መ፦ በመጀመሪያው ዓመት ባለቤትሽ ትክክል ነው። ዶማ፣ አካፋ፣ ዘር፣ የጉልበት ዋጋ አለ። የኔ ደብተር ወደ ትርፍ የዞረው በሁለተኛው ዓመት ነው። ብሩን አልጠራም፤ የዛሬ ዋጋ ለነገ አይሆንም። ግን አራት መደብ አለኝ፣ ሃያ ካሬ ግድም። አምስት ሰው ላለበት ቤት ጎመንና ቆስጣ ከገዛን ቆየን።

ዘዴው የሚተከለውን መምረጥ ነው። በየቀኑ በትንሽ በትንሹ የምትገዢውን ትከይ፦ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ፣ የጥብስ ቅጠል፣ በሶብላ። ጎመንን ነቅለሽ አትጨርሺ፤ የታችኛውን ቅጠል እየለቀምሽ የላይኛውን ተይው፣ ለወራት ያበላሻል። ሽንኩርትና ድንች ለገበያ ልቀቂ። ቦታ ይፈጃሉ፤ ድንች ደግሞ ክረምት ዋልካ ውስጥ ይበሰብሳል። ካሮት ሁለት እግር አውጥቶ ሱሪ የለበሰ ይመስላል። ቀይ ሥር ይሻላል፣ ግማሹ ከአፈር በላይ ነውና። ቲማቲም ከመስከረም ወዲህ። ሐምሌ ላይ ተክዬ ቅጠሉ ባንድ ሳምንት ጠቁሮ ረግፎብኛል።

ጥ፦ ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው። በጋን እንዴት እንሻገር?

መ፦ ዋልካ ውለታ የሚመልሰው እዚህ ላይ ነው፤ ውሃ አጥብቆ ይይዛል። እንዳይሰነጠቅ ብቻ አድርጉ። ስንጥቁ ከተከፈተ ሮቶ ሙሉ ውሃ ብታፈሱ ወደ ታች ይጠፋል፣ ሥሩም ይበጠሳል። ከጥቅምት ጀምሮ ሣር ወይም ጭድ አንድ ጋት ያህል ጎዝጉዙበት። ቲማቲምና ቃሪያ አጠገብ ክዳኗ የተበሳ ሃይላንድ ገልብጣችሁ ቅበሩ፤ ቂጧን ቆርጣችሁ እዚያ ሙሉባት፣ ጠብ ጠብ ትላለች። ዕቃ ያጠባችሁበት ውሃ በረኪና ከሌለው ለጎመን ይሆናል።

ጥ፦ የወንዙ ውሃ ቅርባችን ነው…

መ፦ አይሆንም። የአቃቂ ወንዝ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ጥሬ የሚበላ ሰላጣ ላይ ያን አላፈስም።

ጥ፦ አቮካዶ ተክዬ ሁለቴ ደረቀብኝ።

መ፦ ደረቀ የምትለው ታፍኖ ሳይሆን አይቀርም። ዋልካ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ለስላሳ አፈር መሙላት ባልዲ እንደማስቀመጥ ነው፤ ክረምት ሞልቶ ይቆማል። ጉድጓድ ትተህ የአፈር ጉብታ ሥራ፣ ከጉልበት በላይ ይሁን፣ እላዩ ላይ ትከል። ካልሆነ በርሜል።

ጥ፦ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ባዶ የሚቀረው መደብ ላይ ምን ልዝራ?

መ፦ ሽምብራ! ዝናቡ ሊወጣ ሲል ዝራው፤ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ያድጋል። አላጠጣውም፣ ፍግም አልሰጠውም። ግን ምርት አስገባለሁ ብለህ ጆንያ አታዘጋጅ። እኛ ቤት ገና እሸት እያለ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ሳያወርዱ መደቡ ዳር ይቀመጣሉ። እስካሁን አንድ ኪሎ የደረቀ ሽምብራ አላየሁም።