ደረቀ ማለት ጸና ማለት አይደለም፦ በቤት የታተመ ቲሸርትን ቀለም ስለ ማጽናት ጥያቄና መልስ

«ማጽናት» የምለው ብዙዎች «ኪዩር ማድረግ» የሚሉትን ነው፤ ይኸውም የታተመው ቀለም በእጥበት እንዳይለቅ በሙቀት ከጨርቁ ጋር እንዲቆራኝ ማድረግ ነው። ጥያቄዎቹ በሙሉ ውኃ-አዘል ቀለምን የሚመለከቱ ናቸው። የማነሣቸው ቁጥሮች ለአብዛኞቹ ቀለሞች የሚስማሙ ቢሆኑም፣ አምራቹ በዕቃው ላይ የጻፈው መመሪያ ከእኔ ቃል የሚለይ ከሆነ የአምራቹን ይከተሉ።

ጥያቄ፦ ያተምሁት ቲሸርት ሌሊቱን ሙሉ ተሰቅሎ አድሯል፤ በጣቴ ስነካውም አይለቅም። ታዲያ ማሞቁ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ በቀለሙ ውስጥ በዋናነት ሦስት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም ቀለም ሰጪው ዱቄት፣ ውኃውና አጣባቂው ናቸው። ዱቄቱ እንደ ጨርቅ ማቅለሚያ ወደ ክሩ ውስጥ የሚገባ ስላልሆነ በራሱ ጥጥን የሚይዝበት አቅም የለውም፤ ጨርቁ ላይ የሚያቆየው አጣባቂው ብቻ ነው። አጣባቂው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በውኃ ውስጥ የተበተነ እጅግ ደቃቅ የአክሪሊክ (የፕላስቲክ ዓይነት) ቅንጣት ነው። ውኃው ሲተን ቅንጣቶቹ ተቀራርበው ይቀመጣሉ፤ እጅ ሲነካቸውም ደረቅ ናቸው። ነገር ግን በሚገባ ተዋሕደው ክሩን የሚያቅፍ አንድ ስስ ሽፋን የሚሆኑት ወደ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ሲያገኙ ነው። እኔም በጀማሪነቴ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ የሰቀልኋቸውን ቲሸርቶች ጸንተዋል ብዬ ሳፋ ውስጥ ነከርኋቸው፤ ገና ሳላሻቸው ውኃው ሰማያዊ ሆነ።

ጥያቄ፦ ካውያዬ በከፍተኛው መጠን ከ160 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። እንግዲያው 30 ሴኮንድ አይበቃም?

መልስ፦ ስሕተቱ የሚመጣው የካውያውን ሙቀት እንደ ቀለሙ ሙቀት ከመቁጠር ነው። ድስት ውስጥ ውኃ እስካለ ድረስ ድስቱ እንደማያር ሁሉ፣ በቀለሙ ውስጥ ውኃ እስካለ ድረስም የቀለሙ ሙቀት ከ100 ዲግሪ ብዙም አይዘልም፤ የሚሰጡት ሙቀት በሙሉ ውኃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይውላል። ጨርቁም የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ ደረቅ የሚመስለን ጥጥ እንኳ የክብደቱን 8 ከመቶ ያህል እርጥበት ከአየር ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይሞቅ ሲባል፣ ቆጠራው የሚጀምረው ውኃው ወጥቶ ካለቀና ቀለሙ ወደ ሙቀቱ ከደረሰ በኋላ ነው። በዝናባማ ወቅት በተለመደው ጊዜ የጸና የሚመስል ሕትመት የሚለቅቀውም በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ያለኝ ካውያ ብቻ ነው። እርስዎ ቢሆኑ በካውያ እንዴት ይሠሩ ነበር?

መልስ፦ አስቀድሜ ቀለሙ ለእጅ ደረቅ እስኪሆን እጠብቃለሁ፤ እርጥብ ቀለም ላይ ካውያ ማሳረፍ ሕትመቱን ማበላሸት ነው። የካውያውን ውኃ አፍስሼ እንፋሎቱን እዘጋለሁ። የካውያ መተኮሻው ጠረጴዛ ብዙ ጊዜ ወንፊት ብረት ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ታች ያመልጣል፤ በዚህ ምክንያት ጠንካራ ሳንቃ ላይ የታጠፈ የጥጥ ጨርቅ አነጥፋለሁ፤ የቲሸርቱ ሌላው ገጽ እንዳይጣበቅም በመካከል ወረቀት አስገባለሁ። ከዚያ ቲሸርቱን ገልብጬ ከውስጥ በኩል እተኩሳለሁ። ካውያውን ባነሣሁ ቁጥር ከጨርቁ ስስ ጉም ብድግ ይላል፤ ያ ጉም መታየቱን እስኪያቆም ድረስ አንዲት ሴኮንድ እንኳ አልቆጥርም። ጉሙ ሲያበቃ ቲሸርቱን ወደ ፊት መልሼ፣ በሕትመቱ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አድርጌ፣ በካውያው ስፋት ልክ ሕትመቱን በየክፍሉ እከፍልና ለያንዳንዱ ክፍል ሦስት ደቂቃ ያህል እሰጠዋለሁ፤ ድንበሮቹንም አደራርባለሁ። ካውያውን አንድ ቦታ አቁሞ መተው አይገባም፤ በሆዱ ያሉት የእንፋሎት ቀዳዳዎች ሥር ያለው ቦታ ከሌላው ያነሰ ሙቀት ስለሚያገኝ ቀስ እያሉ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። በአንድ ወቅት ታጥቦ የተመለሰልኝ ቲሸርት ላይ የገረጡትን ነጠብጣቦች ከካውያዬ ቀዳዳዎች ጋር ሳስተያይ በልክ ገጠሙ። ጨርቁ ወደ ቢጫነት ማዘንበል ከጀመረ ሙቀቱ በዝቷልና ወዲያውኑ ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ ሂት ፕሬስ (ጨርቁን በጋለ ብረት ተጭኖ የሚያሞቅ መሣሪያ) ገዛሁ፤ ነገር ግን ውጤቱ ከካውያው የባሰ ሆነብኝ።

መልስ፦ መሣሪያው አጥብቆ ስለሚዘጋ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። የላይኛውን ብረት ሳይነካ ከሕትመቱ በጥቂቱ ከፍ አድርገው ለአንድ ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ ከዚያ በኋላ በመጋገሪያ ወረቀት ሸፍነው በቀላል ግፊት ይዝጉት፤ በመካከሉ አንድ ጊዜ ከፍተው ያስተንፍሱት። ጠንካራ ግፊት ጥቅም የለውም፤ የሚያተርፈው የብረቱን ጠርዝ ምልክት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በሂት ጋን (በጣም የጋለ አየር በሚነፋ መሣሪያ) ሳሞቅ በጨረር የሚለካው ቴርሞሜትር 170 ዲግሪ አሳየኝ፤ ሕትመቱ ግን በመጀመሪያው እጥበት ለቀቀ።

መልስ፦ ቴርሞሜትሩ አልዋሸም፤ የነገረዎት ግን የላይኛውን ገጽ ሙቀት ብቻ ነው። ሂት ጋን የቀለሙን ፊት ቶሎ ያግላል፤ ከክሩ ጋር የሚገናኘው የታችኛው ክፍል ግን ገና እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ቀለሙ ወፍራም ወይም ሁለት ድርብ ከሆነ። ራቅ አድርገው፣ ዘወትር እያንቀሳቀሱ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ያሙቁ። በዚሁ አጋጣሚ፣ ይህን ቴርሞሜትር በሚያብረቀርቅ የካውያ ሆድ ላይ አይሞክሩት፤ የሚያብረቀርቅ ብረት ጨረር የሚሰጠው በጥቂቱ ስለሆነ ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ያሳያል።

ጥያቄ፦ የፀጉር ማድረቂያ፣ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ወይም የወጥ ቤት ኦቨን መጠቀም ይቻላል?

መልስ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያደርቃሉ እንጂ አያጸኑም፤ ሙቀታቸው ከሚፈለገው በእጅጉ ያነሰ ነው። ምግብ የሚሠራበትን ኦቨን ግን አልመክርም፤ ከቀለሙ የሚወጣው ጭስ ምግብ ያለበት ቦታ አይገባውም፣ ጨርቁም የጋለውን ብረት ከነካ እሳት ሊነሣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጨርቁ ፖሊስተር ከሆነስ?

መልስ፦ ፖሊስተር የተቀለመበት ማቅለሚያ በከፍተኛ ሙቀት ተንኖ ወደ ሕትመቱ ይገባል፤ ቀይ ጨርቅ ላይ የታተመ ነጭ ቀለም ሮዝ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ነው። ለዚህ ጨርቅ በዝቅተኛ ሙቀት የሚጸና ቀለም መምረጥ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ያለ ሙቀት የሚያጸና ተጨማሪ ፈሳሽ አለ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በጥቂቱ ወደ ቀለሙ የሚጨመረው ይህ ፈሳሽ የአጣባቂውን ቅንጣቶች በኬሚካል ስለሚያስተሳስራቸው ሕትመቱ በክፍል ሙቀት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጸናል። ካውያ ብቻ ላለው ሰው፣ በእኔ ግምት፣ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ሁለቱን ማጣመር ነው። ይሁን እንጂ መጠኑን በዓይን ግምት ሳይሆን በግራም ሚዛን ይለኩ፣ ጓንት ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ፤ ለዕለቱ የሚበቃዎትን ያህል ብቻም ይቀላቅሉ፤ ምክንያቱም ከተቀላቀለ በኋላ ዕድሜው በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ስክሪኑን (ቀለሙ አልፎበት የሚታተምበትን ወንፊት) ሳያጥቡ ከቆዩም ቀለሙ ቲሸርቱ ላይ እንደሚጸናው ሁሉ ወንፊቱ ውስጥም ይጸናል፤ ያን ጊዜ ስክሪኑን መልሶ ማግኘት አይቻልም ማለት ይቀላል።

ጥያቄ፦ ጥቁር ሕትመቴ ከታጠበ በኋላ ግራጫ መሰለ፤ የታጠበበት ውኃ ግን ንጹሕ ነበር። አልጸናም ማለት ነው?

መልስ፦ ውኃው ንጹሕ ከነበረ የጸና ይመስለኛል። ሕትመቱን ወደ ብርሃን አዘንብለው በቅርበት ይመልከቱት፤ በቀለሙ መካከል የበቀሉ ነጫጭ የጥጥ ጭገሮች ያያሉ። በእጥበቱ መታሸት የተነሡት እነዚህ ጭገሮች ቀለሙን ሸፍነው የደበዘዘ ያስመስሉታል። ያልጸና ሕትመት ግን በመደብዘዝ አይወሰንም፤ ውኃውን ያቀልማል፣ ቦታ ቦታውንም ባዶ ያደርጋል። ለጭገሩ መፍትሔው ገጹ ለስላሳ የሆነ ጨርቅ መምረጥ፣ ከማተም በፊት ገጹን በካውያ ማስተኛትና ቲሸርቱን ገልብጦ ማጠብ ነው።

ጥያቄ፦ ለሰው ከመስጠቴ በፊት መጽናቱን በምን ላረጋግጥ? ያልጸናውንስ ማዳን እችላለሁ?

መልስ፦ ነጭ ጨርቅ አርጥበው ሕትመቱን ሃያ ጊዜ ያህል አጥብቀው ይሹት፤ ጨርቁ ቀለም ካነሣ ገና ነው። ጨርቁ ንጹሕ ቢወጣም ከየዙሩ አንዱን ቲሸርት፣ ፈሳሽ የተጨመረበት ከሆነ ቀናቱን ጠብቀው፣ በሳሙናና በሞቀ ውኃ ይጠቡት። ያልታጠቡትን ሌሎቹን እንደገና ማሞቅ ምንም ችግር የለውም። የታጠበው ግን የቀረለትን ቀለም በሙቀት ማስቀረት ይቻል እንደሆነ እንጂ፣ የሄደው አይመለስም።