አውቶማቲክ ሞተር ለማን ይሆናል?

«ሞተር ነድቼ አላውቅም። ለሥራ መመላለሻ አውቶማቲክ ልግዛ ስል የሰማ ሁሉ ‹መጀመሪያ ማርሽ ያለውን ልመጂ፣ አውቶማቲክ ሞተር አይባልም› ይለኛል። የነዳችሁት ምን ትላላችሁ?» ብለሽ ለጠየቅሽን እህት፣ በእጄ የነካሁትን ልንገርሽ።

11 ዓመት ማርሽ ያለው ሞተር ነድቻለሁ። ካለፉት 4 ዓመታት ወዲህ አውቶማቲክ ነው የምነዳው። ቤት ውስጥ ስኩተርም አለን። መልሴ፦ ግዢ። ግን የትኛውን ዓይነት እንደምትገዢ እወቂ። ከገዛሽ በኋላም ዋና መንገድ ሳትወጪ ቀስ ብሎ መንዳትን በደንብ ተለማመጂ።

እኔን ከማርሽ ያላቀቀኝ ግራ እጄ ነው። በየቀኑ በመኪና መሃል እየተሳብኩ ነበር የምሄደው። ፍሪሲዮን (በግራ እጅ የሚጨበጠው፣ የሞተሩን ኃይል ከጎማው የሚያቋርጠው) መያዝ፣ መልቀቅ፣ ሁለት ሜትር መሄድ፣ እንደገና መያዝ። ማታ ቤት ስገባ የውሃ ጠርሙስ ክዳን መክፈት ያቅተኝ ጀመር። አንጓዬ ላይ ያበጠው ነገር ባያስፈራኝ ኖሮ ዛሬም እዚያው ነበርኩ። ስለዚህ «አውቶማቲክ የሰነፍ ነው» ሲሉሽ አትስሚ። እጁን ወይም ግራ እግሩን የሚያመው ሰው፣ ቀኑን ሙሉ በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ የሚውል ሰው፣ አንቺን የመሰለ ጀማሪ፣ ሁሉም ይጠቀሙበታል። ጀማሪ ሰው ሞተሩ የሚጠፋበት መስቀለኛ መንገድ መሃል ላይ ነው። ከኋላው ጥሩምባ ሲነፋበት ደግሞ ይደነግጣል። ያ ጭንቀት ሲቀርልሽ ዓይንሽ መንገዱ ላይ ይሆናል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው።

አውቶማቲክ ሲባል ግን አንድ ነገር አይደለም። ስኩተር ላይ የሚቀየር ማርሽ ጭራሽ የለም። ሞተሩ ሲፈጥን ውስጡ ያሉት ትንንሽ ሮለሮች በሽክርክሪቱ ኃይል ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ቺንጊያው (ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ቀበቶ) ቦታውን ይቀይራል፤ አንቺ የምታውቂው ፍጥነቱ ሳይንገጫገጭ ሲጨምር ብቻ ነው። ፍሪሲዮኑም ነዳጅ ስትሰጪ ራሱ ኃይሉን ከጎማው ጋር ያገናኛል። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው ሱፐር ከብ ዓይነቱ ደግሞ መሃል ላይ ነው፦ ማርሹን በእግርሽ ትቀይሪያለሽ፣ በእጅ የሚጨበጥ ፍሪሲዮን ግን የለውም። ትልልቆቹ ላይ ሆንዳ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ያመጣው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) አለ። አንዱ ፍሪሲዮን 1፣ 3 እና 5ኛ ማርሽን፣ ሌላው 2፣ 4 እና 6ኛን ይይዛል። አንዱ ሲሠራ የሚቀጥለው ማርሽ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ሲቀይር ብዙም አይሰማሽም። እኔ የምነዳው ይሄንን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ያማሃና ቢኤምደብሊውም የራሳቸውን አምጥተዋል፤ የተለመደው ካምቢዮ ሆኖ ፍሪሲዮኑንና ማርሹን ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው የሚያንቀሳቅሱት።

አሁን ማንም ያልነገረኝን ልንገርሽ። አውቶማቲክ የሚከብደው ሲሮጥ አይደለም፣ ሲንፏቀቅ ነው። ማርሽ ያለው ሞተር ላይ ጠባብ ቦታ ስትዞሪ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዘሽ ኃይሉን በጣትሽ ትመጥኛለሽ። አውቶማቲክ ላይ ያ የለም። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ መሪውን እስከ መጨረሻ አጥፌ ስዞር ነዳጅ ለቀቅኩ። ፍሪሲዮኑም በራሱ ኃይሉን ቆረጠ፤ ከ200 ኪሎ በላይ የሆነው ሞተር ወደ ውስጥ ዘመም አለ። በእግሬ ደግፌ አተረፍኩት፣ ጉልበቴ ግን ለቀናት አመመኝ። መድኃኒቱ የኋላ ፍሬን ነው። ነዳጁን ትንሽ እንደሰጠሽ ያዢው፣ አትልቀቂው፤ ፍጥነቱን በኋላ ፍሬን ብቻ መጥኚ። ሰው በሌለበት ሜዳ ሁለት ድንጋይ አስቀምጪና በመሃላቸው ስምንት ቁጥር እየሠራሽ ዙሪ። ሦስት አራት ቀን ብትሠሪው እጅሽ ይለምደዋል።

ማርሽ የለመደ ሰው ስኩተር ላይ ሲወጣ ሌላም አደጋ አለ። ብዙ ስኩተር ላይ በግራ እጅ የሚጨበጠው የኋላ ፍሬን ነው። እኔ መብራት ላይ ለመቆም ፍሪሲዮን የያዝኩ መስሎኝ ሙሉ በሙሉ ጨበጥኩት፤ የኋላው ጎማ ተቆልፎ ጮኸ። አንቺ ከዜሮ ስለምትጀምሪ ይህ ልማድ የለብሽም። እንዲያውም ትቀድሚናለሽ።

ለማን አይሆንም? ኮረኮንችና ጭቃ ውስጥ ገብቶ ኃይሉን በጣቱ መቆጣጠር ለሚወድ ማርሽ ያለው ይሻለዋል። ቁልቁለት ለሚበዛበት ሰውም ስኩተር ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ፍጥነቱ በጣም ሲቀንስ ፍሪሲዮኑ ኃይሉን ይቆርጥና ሞተሩ ፍጥነቱን መያዙን ያቆማል፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ባትሪ ሲሞትም ስኩተርንና ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑን ገፍተሽ አታስነሺያቸውም። ክብደትም አለ፦ አፍሪካ ትዊን የሚባለው የሆንዳ ትልቅ ሞተር አውቶማቲኩ ማርሽ ካለው ወደ 10 ኪሎ ይበልጣል። መንጃ ፈቃዱንም ቀድመሽ ጠይቂ። እንደ እንግሊዝና ጃፓን ባሉ አገሮች በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ማርሽ ያለውን መንዳት አይፈቀድለትም። ወደፊት ማርሽ ያለው ትፈልጊ ይሆናል ብለሽ ካሰብሽ ይሄ ያንቺን ውሳኔ ሊቀይረው ይችላል።

አንድ ነገር አደራ። ሞተሩ እየሠራ ከጎኑ ቆመሽ አትግፊው፣ ከመቆሚያውም አታውርጂው። ማርሽ ያለው ፎሌ ላይ (ምንም ማርሽ ሳይገባ) ይቆምልሻል። ስኩተር ግን እጅሽ ሳታስቢው ነዳጁን ትንሽ ካዞረው ያመልጥሻል። አጥፊ፣ ግፊ፣ ተቀመጪ፣ ፍሬን ያዢ፣ ከዚያ አስነሺ።

ቁመትሽን፣ የምትመላለሺበት መንገድ ዳገት እንደሆነ ወይም ሜዳ፣ ከኋላ ሰው ትጭኚ እንደሆነም ጻፊልኝ። ስኩተር ይበቃሽ እንደሆነ ወይም ከፍ ያለ እንደሚያስፈልግሽ በዚያ ላይ ተነስተን እንነጋገራለን።