«ነፃ» የምትለዋ ቃል

ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ አገር በዲፕሎማትነት ሚሲዮን የተመደባችሁ ልጆች፣ ስለ ፕሮቶኮልና ስለ ሱፍ ልብስ የሚመክራችሁ አይጠፋም። እኔ የምነግራችሁ ስለ አንድ ፎርም ነው።

ዋሽንግተን በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት ባለቤቴ አረገዘች። የጤና መድናችን የወሊዱን ወጪ ግማሹን እንኳ አይሸፍንም ነበር። የዋሽንግተን ጎረቤት በሆነችው ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና የጠሯት ያገራችን ሴቶች ይህን ሰምተው «ምን አስጨነቀሽ? ሜዲኬይድ አውጪ፤ ሲወለድ ፉድ ስታምፑም አለ» አሏት። ሜዲኬይድ መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሰጠው የሕክምና መድን ነው፤ ፉድ ስታምፕ ደግሞ የምግብ መግዣ ድጎማ። ክፋት የላቸውም። እነሱ ግሪን ካርድ ይዘው፣ ታክስ እየከፈሉ የሚኖሩ ናቸው፤ የእኛን ቪዛ ዓይነት የት ያውቁታል? ፎርሙን ይዛ መጣች፣ ማታ ቁጭ ብለን መሙላት ጀመርን።

የወር ገቢ የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ደመወዜን ብቻ ጻፍኩ። የቤት ኪራዩን መንግሥት ነው የሚከፍለው፣ አበሉም ደመወዝ አይባልም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በዚያ ቁጥር ስንታይ የለየልን ድሃ ነበርን።

በማግስቱ አንድ አንጋፋ የሥራ ባልደረባዬን «ከማኅበራዊ ዋስትና ሕጉ ነፃ ነን አይደል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። «ነፃ ነህ ማለት አትከፍልም ማለት ነው እንጂ በነፃ ትወስዳለህ ማለት አይደለም።»

እ.ኤ.አ. የ1961ዱ የቪየና ስምምነት አንቀጽ 33 ዲፕሎማቱን ለላኪ መንግሥቱ በሚሠራው ሥራ ከተቀባዩ አገር የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ነፃ ያደርገዋል። አንቀጽ 37 ደግሞ አብሮት የሚኖረውን ቤተሰብ ይጨምራል። ጡረታና ሕክምናህን የላከህ መንግሥት ይወጣው ነው ነገሩ። ሱቅ ገብተን ካርድ አሳይተን የሽያጭ ታክስ የማንከፍል ሰዎች እኮ ነን! አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ ፉድ ስታምፕንና መሰሎቹን ከውጭ ዜጎች መካከል በሕጉ ለተዘረዘሩት ብቻ አድርጋለች። የዲፕሎማት ቪዛ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ግራ የሚያጋባው ሜዲኬይድ ነው። እርጉዝ ሴትና ሕፃን ላይ አንዳንድ ግዛቶች በሩን ሰፋ አድርገውታል፤ ኒውዮርክ አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 በኒውዮርክ የፌዴራል ዐቃብያነ ሕግ 49 የቀድሞና በሥራ ላይ ያሉ የሩሲያ ዲፕሎማቶችንና የትዳር ጓደኞቻቸውን የከሰሱት በዚሁ ጉዳይ ነው። ከ2004 ጀምሮ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በማጭበርበር ከሜዲኬይድ ወስዳችኋል ተባሉ። ክሱን ሳነብ ያላበኝ ዝርዝሩ ነው፦ ገቢያቸውን ዝቅ አድርገው ጽፈዋል፣ አንዳንዶቹም ልጃችን የአሜሪካ ዜጋ ነው ብለዋል። የመጀመሪያውን እኔም በእስክሪብቶዬ ጀምሬው ነበር።

ዜግነቱን በተመለከተ፣ ብዙዎቻችሁ ትሳሳታላችሁ። ሙሉ የዲፕሎማት ያለመከሰስ መብት ካለው ሰው አሜሪካ የተወለደ ልጅ በመወለዱ ብቻ ዜጋ አይሆንም። የልደት ሰርተፊኬቱ ከማንም ልጅ ጋር አንድ ስለሆነ ነው የሚያታልለው። የቆንስላ ሠራተኛ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ስለዚህ የራሳችሁን ደረጃ አጣሩ።

«ያለመከሰስ መብት አለኝ» የሚል አይጠፋም። ያ መብት የላከህ መንግሥት ነው፣ ሲፈልግ ያነሳዋል። ባያነሳውም ተቀባዩ አገር ምክንያት ሳይሰጥ ሊያባርርህ ይችላል።

ሁሉም ክልክል ነው አላልኩም። ልጆቻችሁን የሕዝብ ትምህርት ቤት አስገቡ፣ መብታቸው ነው። ድንገት የታመመ ሰው ካለ ኢመርጀንሲ ውሰዱ፤ ቪዛ ሳይጠይቁ ማየት ግዴታቸው ነው፣ ሂሳቡ በኋላ ይመጣል እንጂ። የትዳር ጓደኛችሁ የሥራ ፈቃድ አግኝታ ከተቀጠረች ደግሞ ከዚያ ደመወዝ ታክሱም ሶሻል ሴኩሪቲውም (የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮው) ይቆረጣል። ከምንም በፊት ግን፣ ከአዲስ አበባ ሳትነሱ መድናችሁ ወሊድን ምን ያህል እንደሚሸፍን በጽሑፍ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም።

ፎርሙን ቀደድኩት። ባለቤቴ ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ፣ እውነቷን ነው። ሆስፒታሉ በየወሩ እንድንከፍል ተስማማ፤ የመጨረሻውን ቼክ የላክነው ልጅቷ ቤት ውስጥ መሮጥ ከጀመረች በኋላ ነው።