ልጄ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል፤ ጸበል ልውሰደው ወይስ ሐኪም ቤት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። የ14 ዓመት ልጅ አለኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ፣ መዝሙር የሚወድ ልጅ ነው። ባለቤቴ ግቢያችን ውስጥ ሶፋ ይሠራል፤ ማስቲሽ የሚገዛው በጋሎን ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ልጁ ተለወጠብኝ። ይነጫነጫል፣ ምግብ አይቀምስም፣ አንዳንድ ማታ ደግሞ «ግድግዳው ላይ የሆነ ነገር ይሄዳል» እያለ ይጮኻል። ጎረቤቶቼ መንፈስ ነው አሉኝ። በቀደም አልጋው ሥር ማስቲሽ የደረቀበት ሃይላንድ አገኘሁ። አባቱ ቀበቶውን ፈትቶ ግቢውን ሙሉ አሯሯጠው። ልጁን ስጠይቀው «መጠጥ አይደል፣ ጫት አይደል፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የለም፣ ጾም እንኳ አያስፈታም፤ ሽታ ብቻ ነው» ይለኛል። ኃጢአት ነው ወይ? መቁረብስ ይችላል? ጸበል ልውሰደው ወይስ ሐኪም ቤት?

መልስ፦ ሰላም ለአንቺ ይሁን እህቴ። ስለ ኃጢአቱ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ለባለቤትሽ ዛሬውኑ ንገሪልኝ፦ ልጁን ማስቲሽ ስቦ ሲያገኘው እንዳያባርረው፣ እንዳይጮኽበት፣ እንዳይመታው። ይህን የምለው ልጁን ለማባበል እንዳይመስልሽ። እነዚህ የሚተኑ ነገሮች ልብን ያሳብዳሉ። ልጁ በዚያ ሰዓት ቢደነግጥ ወይም ቢሮጥ፣ ከድንጋጤው የሚመጣው አድሬናሊን የልቡን ምት ያዛባውና እዚያው ቆሞ የነበረው ልጅ ሊወድቅና ሊሞት ይችላል። በ1970 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ ሐኪም እንዲህ በድንገት የሞቱ 110 ወጣቶችን ጉዳይ ሰብስቦ ጽፏል፤ አንዳቸውም በላስቲክ ታፍነው የሞቱ አልነበሩም፣ ልባቸው ነው የከዳቸው። ለዚህ ደግሞ የብዙ ዓመት ሱሰኛ መሆን አያስፈልግም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረም ይሞታል። አባትየው ያን ቀን ቀበቶ ይዞ ሲያሯሩጠው ልጁ በሕይወት መትረፉን የእግዚአብሔር ቸርነት በዪው።

ራሱን ስቶ ብታገኚውስ? ወደ ንጹሕ አየር አውጪው፣ በጎኑ አስተኚው፣ ትንፋሹን እያየሽ አምቡላንስ ጥሪ፤ የቀይ መስቀል 907 ነው። ወተት አትጋቺው። ጸበልም ቢሆን ራሱን በሳተ ልጅ አፍ ውስጥ አይንቆረቆርም፤ ወደ ሳንባው ይገባና ያንቀዋል። ከሁሉም በላይ ክብሪት ጭረሽ እንዳታሸቺው! ሰው ሲወድቅ ክብሪት መለኮስ የለመደብን ነገር ነው። ልብሱ ማስቲሽ ወይም ቤንዚን የነካው ልጅ አጠገብ እሳት መለኮስ ግን ልጁንም አንቺንም ማቃጠል ነው።

አሁን ወደ መንፈሱ ወሬ። ርኩስ መንፈስ የለም አልልሽም፤ ወንጌሉ አለ ይላል፣ ቤተ ክርስቲያንም ታጠምቃለች። ነገር ግን የጮኸ ሁሉ ጋኔን አለበት ማለት አይደለም። ግድግዳ ላይ የሌለ ነገር ማየት ማስቲሽ ከሚያመጣቸው ነገሮች አንዱ ነው። እስቲ ቀረብ ብለሽ እዪው። የሹራቡን እጅጌ ጫፍና ኮሌታውን አሽቺ። አፍንጫውና ከንፈሩ ዙሪያ ቀይ ሽፍታ ወይም የደረቀ ቁስል አለ? ዐይኑ ይቀላል? በጋውን ሙሉ የማይለቅ ጉንፋን ይዞታል? አረቄ ሳይሸት ምላሱ እየተሳሰረ፣ እግሩ እየተንገዳገደ ይመጣል? የደረቀ ጨርቅ፣ ድርቅ ያለ ካልሲ ፍራሽ ሥር ይኖራል። ሞቅታው ቶሎ ነው የሚያልፈው፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች፤ ስለዚህ አንቺ ከገበያ እስክትመለሺ ልጁ ደህና መስሎ ይጠብቅሻል። ራስ ምታቱና ንጭንጩ ነው የሚቀረው። ደግሞ ማስቲሹን ብቻ አትጠብቂ፤ ቲነርም፣ ቤንዚንም፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም፣ ተማሪ የሚያጠፋበት ፍሉድም፣ የላይተር ጋዝም፣ የብብት ስፕሬይም ያው ናቸው። አብዛኛው ቤት ውስጥ ከነዚህ ሁለት ሦስቱ አይጠፉም፤ እኛ መርዝ ስለማንላቸው ነው እንጂ።

ጉዳቱ ምንድን ነው ብትዪኝ፣ ብዙ ማስቲሽና ቲነር ውስጥ ቶሉዊን የሚባል ፈሳሽ አለ። ይህ ፈሳሽ ቅባት ያሟሟል። የአንጎላችን ነርቮች ደግሞ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ በፕላስቲክ እንደሚለበስ፣ በቅባት የተለበሱ ናቸው። ልጁ በሳበ ቁጥር ያ ልባስ ይጎዳል፤ ቀስ በቀስ ማስታወስ፣ ቀጥ ብሎ መራመድ፣ መስማትም ይቸግረዋል፤ ኩላሊትና ጉበትም ይጎዳሉ። ቶሎ ከተወ የሚሻሻል አለ፣ ከቆየ ደግሞ የማይመለስ አለ። መንገድ ዳር የሚያድሩትን ልጆች ብትጠይቂያቸው «ብርድና ረሃብ ያስረሳል» ይሉሻል። እውነታቸውን ነው። አንጎላቸው ሲደነዝዝ ረሃቡ አይሰማቸውም፣ ሆዳቸው ግን ባዶውን ነው። ያንቺ ልጅ ቤት አለው፣ ምሳ አለው፤ ታዲያ እሱ ሊያስረሳው የፈለገው ምንድን ነው? ይህን ሳትቆጪ፣ ልጁ ሰከን ባለ ሰዓት ጠይቂው። ትምህርት ቤት የደረሰበት ነገር ይኖር ይሆናል። አባቱን ፈርቶም ይሆናል።

«መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የለም» ላለው፣ ማስቲሽ የሚል ቃል አላገኘም፣ ልክ ነው። አፍንጫ ግን አለ። ዘፍጥረት 2፥7ን አውጥታችሁ አብራችሁ አንብቡ፤ እግዚአብሔር አዳምን ከምድር አፈር አበጀና በአፍንጫው የሕይወት እስትንፋስን እፍ አለበት ይላል። ልጅሽ ማስቲሹን የሚስበው በዚሁ አፍንጫ ነው። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 6፥19 ሥጋችሁ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው፣ ለራሳችሁም አይደላችሁም ብሏል። በኤፌሶን 5፥18 በወይን ጠጅ አትስከሩ ሲል፣ በሌላ ነገር ስከሩ ማለቱ አልነበረም። ስለዚህ አዎ፣ አውቆ አእምሮን ማሳት ኃጢአት ነው። ሱስ ከሆነ በኋላ ደግሞ በሽታም ነው፤ ሁለቱም ነው፣ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

የጾሙ ክርክር እንኳ አስቆኛል። ዐይን ይጹም፣ አንደበት ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም እያልን የምንዘምረው አፍንጫን በነፃ ለቀን አይደለም። መዝሙር ይወዳል አላልሽም? እሱም ዘምሮታል። ነገ ተነገ ወዲያ «ዕጣንም እኮ ይሸተታል» ማለቱ አይቀርም፣ የዚህን ዕድሜ ልጆች አውቃቸዋለሁ። ዕጣን ለእግዚአብሔር ነው የሚያርገው፤ ሃይላንድ ውስጥ ከቶ አልጋ ሥር የሚደብቀው ሰው አላየሁም በዪው።

ጸበል ወይስ ሐኪም ቤት ላልሽው፣ ማን ነው አንዱን ምረጪ ያለሽ? መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብረው፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይለናል። የቀድሞው ቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በኤች አይ ቪ ዘመን ጸበሉንም መድኃኒቱንም ውሰዱ ብለው በግልጽ አስተምረዋል። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን እኔን ስሚኝ፣ መጀመሪያ ይመርመር። ልቡ፣ ኩላሊቱ፣ ጉበቱ ይታይ። ይህን ሱስ የሚነቅል አንድ ክኒን የለም፤ ምክርና ክትትል ነው የሚረዳው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ «አማኑኤል ገባ» ይሉናል ብለሽ አትፈሪ፣ ሰው ምን ይለኛል ስንል ነው ልጆቻችንን የምንቀብረው። ሲያቆም ለተወሰኑ ቀናት እንቅልፍ ሊያጣ፣ ሊያቅለሸልሸው፣ ሊቆጣ ይችላል። በነዚያ ቀናት በባዶ ሆዱ ሌሊት በብርድ አታስጠምቂው። ሰውነቱ ሲጠና ውሰጂው፣ ጸበሉ አይሸሽም።

ቁርባኑን በተመለከተ እኔ ከዚህ ሆኜ ይቁረብ ወይም አይቁረብ ልል አልችልም። የንስሐ አባቱ ጋ ይሂድ፣ ቀኖናውን እሳቸው ይሰጡታል። አንቺ ግን በር ድረስ አድርሺውና ተመለሺ፤ አጠገቡ ቆመሽ «ንገራቸው እንጂ፣ ያንንም ንገራቸው» አትበዪ። ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊዎችና ለጎረቤትም ማውራት የለብሽም። ከመዝሙር ቤት ግን እንዳታስቀሪው፤ ደህና ጓደኛ የሚያገኘው እዚያ ነው።

ለባለቤትሽ አንድ ነገር ልጨምር። ኤፌሶን 6፥4 አባቶች ሆይ ልጆቻችሁን አታስቈጡአቸው ይላል፤ ቀበቶውን ወገቡ ላይ ይመልሰው። ጋሎኑን ይቆልፍበት፣ ቁልፉን ኪሱ ይያዝ፣ የቀረውንም እየለካ ያስቀምጥ። ሲሠራ በርና መስኮት ይክፈት። እሱስ ቀኑን ሙሉ የሚስበው ምን ሆነና? ማታ ማታ ራሱን የሚያመው ከሆነ አብሮ ይመርመር። ትንንሾቹም ልጆች ሥራው ቦታ ገብተው አይጫወቱ።

ሐኪሙ ያላችሁን ጻፊልኝ። የልጁን ክርስትና ስም ላኪልኝና በጸሎት አስበዋለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።